የሚኒባስ ሞተር ሲቀየር ሽቦው እንዴት ይወጣል?

ሞተር ይቀየር ሲባል የባለንብረቱ ሐሳብ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ሠርቷል? ዘይት ይበላል? ጭስ አለው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ሌላው ሞተር በቦታው ከተቀመጠ በኋላ ሚኒባሱ ለሳምንታት ጋራዥ ውስጥ ተገትሮ ሲቀር፣ አንዴ እየተነሣ አንዴ እምቢ ሲል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት አልጠፋ ሲል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሽቦው ላይ ነው። ከሽቦውም ይልቅ አወጣጡ ላይ ነው። ጥንቃቄ የጎደለው የአንድ ሰዓት ነቀላ የብዙ ቀን ፍለጋ ይወልዳል።

በአገራችን የሞተር ቅያሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት እያገኘ ሄዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ በእጅ ያለውን መኪና በደህና ማቆየት ብልህነት ነው። ለምሳሌ የምወስደው ቶዮታ ሃይኤስን ነው፤ ሕዝቡ ዶልፊንና አባዱላ እያለ የሚጠራቸው ሚኒባሶች የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ነገሩ ግን ለሌሎችም ቫኖች ይሠራል።

በመጀመሪያ አንድ ትልቅ ልዩነት እንለይ። በቀድሞዎቹ ሃይኤሶች ላይ የምናገኛቸው 3ኤል እና 5ኤል የተባሉት የናፍጣ ሞተሮች ነዳጃቸውን የሚረጩት በሜካኒካል ፖምፓ ነው። ሽቦአቸው ጥቂት ነው፦ ለሞተሪኖ፣ ለዲናሞ፣ ሲሊንደሩን አስቀድሞ ለሚያሞቀው ካንዴሌታ፣ ለዘይት ግፊትና ለውኃ ሙቀት ማሳያ፣ እንዲሁም ቁልፍ ሲዘጋ ነዳጁን ለሚያቋርጠው ቫልቭ። ጠንቃቃ ኤሌክትሪሺያን ይህን በግማሽ ቀን አውጥቶ መልሶ ያስገባዋል። 2ኬዲ የተባለው 2,494 ሲሲ ሞተር እና ታላቅ ወንድሙ 1ኬዲ፣ 2,982 ሲሲ፣ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። በእነዚህ ላይ እያንዳንዱን የነዳጅ ርጭት የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያየውም የሚያዘውም በሽቦ ብቻ ነው።

የሞተር የሽቦ እሽግ የምንለው፣ ብዙ ባለሙያ ኢንስታሌሽን የሚለው፣ ከኮምፒውተሩና ከፊውዝ ሳጥኑ ተነሥቶ ወደ ሞተሩ የሚዘልቀው በናስትሮና በፕላስቲክ ቱቦ የተጠቀለለ የሽቦ ግንድ ነው። ከግንዱ እየተገነጠሉ ወደየሴንሰሩ፣ ነዳጅ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮችና ወደየቫልቩ የሚሄዱ ቅርንጫፎች አሉት። በውስጡ ሦስት ዓይነት ሽቦ እንዳለ ማወቅ በኋላ ብዙ ድካም ያስቀራል። አንደኛው ኃይል የሚያደርስ ነው፤ ወፍራም ሲሆን ከመካከሉ አንዳንዱ ቁልፍ ቢዘጋም ከባትሪ በቀጥታ እሳት ይዞ ይቆያል። ሁለተኛው ማሳ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ። በቶዮታ ላይ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ ብዙውን ጊዜ ማሳ ነው። ሦስተኛው መልእክት የሚያደርስ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ችግር የሚፈጠረውም ባመዛኙ እዚህ ላይ ነው።

የውኃውን ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ተመልከቱ። በውስጡ ሙቀት ሲጨምር ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ (በኦም የሚለካው) የሚቀንስ ቁስ አለ፤ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም የነበረው በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ይሆናል። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ልኮ የሚመለሰውን እየለካ ሙቀቱን ያሰላል። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ሶኬቱ ካልተሰካ ተቃውሞው መጠን የለሽ ስለሚሆን፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ያለ አድርጎ ያነበዋል። ሶኬቱ ውስጥ ዝገት ኖሮ ጥቂት መቶ ኦም ቢጨምርስ? ያን ጊዜ የሞቀውን ሞተር ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያምናል፤ ነዳጁንም በዚያው ልክ ያዛል። ምልክትም ላይበራ ይችላል። ባለንብረቱ ነዳጅ ይበላል፣ ያጨሳል እያለ ኢንጀክተር ያስቀይራል፤ ጥፋቱ ያለው ግን ከጥፍር የማትበልጥ የሶኬት ጥርስ፣ ማለትም የብረት መገናኛዋ ላይ ነው።

እንግዲህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚወሰን ነገር አለ፤ የትኛው ሽቦ ነው የሚቀረው? የሚገባው ሞተር ከወጣው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። የሚኒባሱ የራሱ ሽቦና ኮምፒውተር ይቀራል፤ ሞተሩ ብቻ ይለወጣል። ሆኖም የሚገባው ሞተር ዓመተ ምሕረቱ የተለየ ከሆነ የሴንሰሮቹ ሶኬት ላይገጥም ይችላል። ያኔ ሶኬት ቆርጦ ከመቀጠል በፊት የቀድሞውን ሞተር ሴንሰር ወደ አዲሱ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ማየት ያዋጣል። ኢንጀክተሮቹ ከአዲሱ ሞተር ጋር የመጡ ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ራስ ላይ የታተመው የማስተካከያ ኮድ ተገልብጦ በመመርመሪያ መሣሪያ ለኮምፒውተሩ መነገር አለበት። ኮዱን ሞተሩ ገና መሬት ላይ እያለ ፎቶ ማንሣት ነው፤ ከገባ በኋላ ማንበብ ፈተና ነው።

የሚገባው ሞተር ሌላ ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ 5ኤል ወጥቶ 2ኬዲ የሚገባ ከሆነ፣ ነገሩ ይለያል። ያኔ ሞተሩ ሲገዛ ሙሉ የሽቦ እሽጉ፣ ኮምፒውተሩ፣ ኢንጀክተሮቹን የሚነዳው ሳጥን፣ የነዳጅ መስጫው ፔዳል፣ ኮምፒውተሩ የቁልፍ መለያ የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነም ቁልፉና አንባቢው አብረው መገዛት አለባቸው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ የመለዋወጫ ገበያ ሽቦው በመቁረጫ ተቆርጦ፣ ሶኬቶቹ ከነአንድ ስንዝር ሽቦአቸው ሴንሰሩ ላይ የቀሩበት ሞተር በርካሽ ሲቀርብ አትቸኩሉ። ያን ሞተር ያወረደው ሰው ጊዜውን ቆጥቧል፤ ዋጋውን የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ። ሽቦው ሙሉ የሆነ ሞተር ጥቂት ብር ቢጨምርም ይርከሳል።

ወደ ሥራው እንግባ። ሞተሩና አካባቢው አስቀድሞ ይታጠብ፤ ውኃ በኃይል ወደ ዲናሞውና ወደ ሶኬቶቹ ግን አይረጭ። ጭቃና ዘይት ያለበትን ሶኬት መንቀል ማለት አሸዋውን ራሱ ወደ ጥርሶቹ መጋበዝ ነው። ከዚያ ባትሪው ይፈታል፤ መጀመሪያ ኔጋቲቩ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ። ኤርባግ ባላቸው መኪኖች ላይ ኔጋቲቩ ከተነሣ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ የቶዮታ መመሪያ ነው፤ የኤርባጉን ቢጫ ሶኬቶችም ያለ ምክንያት አለመንካት ነው። ኢንጀክተር ነጂው ሳጥን ከ12 ቮልት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ሞተር እየሠራ የኢንጀክተር ሶኬት አይነካም። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የነዳጁ ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ ቱቦውም ሞተሩ ቆሞ ግፊቱ እስኪወርድ ድረስ አይፈታም። እንዲህ ያለ ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል።

ከመንቀል በፊት ፎቶ። ሃይኤስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ከላይ የሚታየው ጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ተነሥቶ ከላይ፣ መኪናው ተሰቅሎ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ፎቶ ይነሣ። ፎቶው ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን ግንዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ከየትኛው ቱቦ በላይ ወይም በታች እንደሚሄድ፣ በስንት ማያያዣ እንደተያዘ ማሳየት አለበት። ሽቦው ሲመለስ በሌላ መንገድ ካለፈ ወይ ይወጠራል ወይ የጭስ መውጫውን ይነካል።

ምልክት ማድረግ ግን ከፎቶም ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ሶኬት ሁለት ምልክት ያስፈልጋል፤ አንዱ በሽቦው፣ አንዱ በገባበት ሴንሰር ላይ። ናፍጣ በነካው ጣት የሚጠፋ ቀለም አይረባም፤ በናስትሮ ላይ ተጽፎ በግልጽ ፕላስተር የተሸፈነ ቁጥር ይቆያል። ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ የሚያስረዱት አራቱ የኢንጀክተር ሶኬቶች ናቸው። መልካቸው አንድ ነው፤ የሽቦው ርዝመት ከፈቀደ አንዱ በሌላው ቦታ በምቾት ይገባል። የሞተሩ የርጭት ተራ ግን 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቢለዋወጡ ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚልከው ፒስተኑ ወዳልተዘጋጀበት ሲሊንደር ይሆናል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያጨሳል፣ ወይም ጨርሶ አይነሣም።

አሁን እጁ ሶኬቱን ያዘ እንበል። አብዛኛው ስብራት የሚደርሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ሶኬቱን የሚይዘው አንዲት የፕላስቲክ ምላስ ናት። ከሞተሩ አጠገብ ለዓመታት ስለበሰለች እንደ አዲሱ አትለጠጥም፤ በግድ ከተጫነች ትሰበራለች። ብልሃቱ ሶኬቱን ለመንቀል መጀመሪያ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ሲገፋ ምላሷ ከያዘችው የፕላስቲክ ጉብታ ላይ ጫናው ይነሣላታል፤ ያኔ በአውራ ጣት በቀላሉ ትጫናለች፤ ከዚያ የሶኬቱ አካል ተይዞ ወደ ኋላ ይሳባል። ሽቦው ግን በምንም ዓይነት አይሳብም። ሽቦው ሲሳብ ከውጭ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ከብረት ጥርሱ ይላቀቃል፤ ከሁለት ወር በኋላ በጉድጓድ መንገድ ላይ ሞተሩ ብልጭ ድርግም ሲል ነው የሚታወቀው። እምቢ ያለ ሶኬት ካለ ጠባብ ካቻቪቴ ከምላሷ ሥር በጥንቃቄ ይገባል፤ ወይም ሞተሩ ገና ለብ ባለበት ሰዓት ይሞከራል፤ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ይለዝባል። አንዳንዱ ሶኬት ሁለተኛ ደረጃ መቆለፊያ ወይም የሽቦ ክሊፕ አለው፤ እሱ ሳይነሣ ምላሷን መጫን ትርጉም የለውም። እንደተነቀለ ሁለቱም አፎች በንጹሕ ላስቲክ ወይም ናስትሮ ይሸፈናሉ።

በሶኬት ሳይሆን በዳዶ የሚታሰሩ ሽቦዎችም አሉ። ከዲናሞው ኋላ በዳዶ የታሰረው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው፤ ሞተሪኖው ላይም እንደዚሁ። ባትሪው መፈታቱ እዚህ ላይ ዋጋውን ያሳያል። ካንዴሌታዎቹን አንድ ላይ የሚያገናኘው የብረት ቅጠል በትናንሽ ዳዶዎች የታሰረ ነው፤ እነርሱ ዝገው ከሆነ ዘይት ተደርጎባቸው ጥቂት ጊዜ ይጠበቃል እንጂ በግድ አይጠመዘዙም። የሞተሩን ዙር የሚለካው የክራንክ ሴንሰር ሽቦ ጠንካራ መሸፈኛ ካለው፣ መሸፈኛው ከዲናሞውና ከሞተሪኖው የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከል ስለሆነ መልቀቅ የለበትም።

ማሳዎቹን ብዙ ሰው የሚረሳቸው ትናንሽ ስለሆኑ ነው። ከእሽጉ ወጥተው በአንድ ብሎን ሞተሩ ላይ የሚታሰሩ ጥቂት ሽቦዎች አሉ፤ ከእነርሱ ሌላ ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያገናኝ ወፍራም የተጠለፈ ገመድ አለ። ይህ ገመድ ሳይታሰር ከቀረ፣ ሞተሪኖው ሲዞር የሚያስፈልገው ብዙ አምፔር መውጫ ፍለጋ በሌሎቹ ቀጫጭን ማሳዎች በኩል ይሄዳል። ሽቦ ሲጨስ፣ የነዳጅ መስጫ ፔዳሉ ገመድ ሲግል የታየባቸው ሞተር ቅያሬዎች ምክንያታቸው ይኼ ነው። የማሳ ብሎን ሲፈታ ከነሥፍራው ፎቶ ይነሣ፤ ብሎኑም ወደ ራሱ ጉድጓድ መልሶ ይገባ።

ሶኬቶቹ ሁሉ ከተነቀሉ በኋላ ግንዱ በብረቱ ግድግዳ ውስጥ አልፎ ወደ ካቢኑ ይዘልቃል። ማለፊያው ላይ ወፍራም የላስቲክ ቀለበት አለ። ላስቲኩ ከሽቦው ጋር አብሮ ነው የሚወጣው፤ ሽቦው ከላስቲኩ ውስጥ ብቻውን አይጎተትም። የኮምፒውተሩ ትልልቅ ሶኬቶች ብዙ ጥርስ ስላላቸው መቆለፊያቸው በማንሻ የሚዘጋ ሊሆን ይችላል፤ ማንሻው ሲነሣ ሶኬቱ በራሱ ወደ ኋላ ይመጣል። በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ሁለት ሰው ይኑር፤ አንዱ ከውጭ በቀስታ ይቀበላል፣ ሌላው ከውስጥ ይመራል። ብቻን ሆኖ መጎተት ጥርስ ያጠማዝዛል፤ የኮምፒውተር ጥርስ አንዴ ከተጠማዘዘ ማቅናቱ መርፌ በሚይዝ እጅ እንጂ በፒንሳ አይሆንም። ከዚህ በኋላ ሞተሩ ወደ ታች ይውረድም በክሬን ይውጣ፣ አንድም ሽቦ እንዳልቀረ ከሥሩም ከላዩም በመብራት ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚረሱት ከኋላ ያሉት ናቸው፤ የካምቢዮው የኋላ ማርሽ መብራት ማብሪያና የፍጥነት ሴንሰሩ።

የወጣው እሽግ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ መመርመር አለበት፤ ከመኪናው ውጭ ሆኖ የሚታይበት ዕድል ምናልባት ይኼ ብቻ ነው። የደረቀውን ናስትሮ በምላጭ መቅደድ አይገባም፤ ምላጩ የሽቦውን ሽፋን ይቆርጣል። በእጅ እየተላጠ ይነሣ። ከጭስ መውጫው አጠገብ ያለፈው፣ ከብረት ጠርዝ ጋር የተፋተገው፣ ከዘይት ጋር የኖረው ክፍል በተለይ ይታይ። ሽፋኑ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ያ ሽቦ ይለወጣል። ጥርሶቹ አረንጓዴ ከሆኑ ውኃ ገብቶባቸዋል ማለት ነው። ቴስተር በኦም ላይ ሆኖ ከጫፍ ጫፍ ሲለካ ሽቦው ከ1 ኦም በታች ማሳየት አለበት፤ እየተለካ ሽቦው ሲወዛወዝ ቁጥሩ ከዘለለ ውስጡ ተበጥሷል። ሁለት አጎራባች ሽቦዎች ደግሞ እርስ በርስ መገናኘት የለባቸውም።

መቀጠል ግድ ከሆነ ሽቦው ውፍረቱ ተመሳሳይ መሆን አለበት። ብዙ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ አይቀጠልም፤ መገጣጠሚያዎቹ ፈቀቅ ፈቀቅ ይላሉ፤ አለዚያ እብጠት ይፈጠራል፣ አንዱ ሲላላ ሌላውን ይነካል። በቆርቆሮ መበየድ በጠረጴዛ ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ቆርቆሮው ወደ ሽቦው ውስጥ ሠርጎ ያደርቀዋል፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ከደረቀው ጫፍ ላይ ይበጠሳል። ለዚህ ነው በትክክለኛ መሣሪያ የተጨመቀ መገጣጠሚያ ከውስጡ ሙጫ ካለውና ሲሞቅ ተኮማትሮ ሽቦውን ከሚይዝ ቱቦ ጋር የሚመረጠው። ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ ማድረግ መቀጠል አይባልም። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ካን የተባሉት ሁለት ሽቦዎች ተጠማዝዘው ነው የሚሄዱት፤ ከተቀጠሉም ያው ጥምዝዝ መጠበቅ አለበት። ባትሪው ተፈትቶ በሁለቱ መካከል ሲለካ 60 ኦም አካባቢ መገኘት አለበት፤ 120 ከሆነ አንደኛው ጫፍ አልተገናኘም።

ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ከካቢኑ ወደ ሞተሩ። ሽቦው ሞተሩ በማሰሪያዎቹ ላይ ሆኖ ሲንቀሳቀስ እንዳይወጠር ትንሽ ልቅ ይተውለት። እያንዳንዱ ሶኬት ሲገባ ምላሷ ተቆልፋ ድምፅ ታሰማለች፤ ያልተሰማ ካለ እንደገና ይነቀልና ይታይ። የማሳዎቹ መቀመጫ በብረት ብሩሽ ተጠርጎ ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳል፤ ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ ማሳ አይደለም። ባትሪው ሲመለስ ፖዘቲቩ ይቀድማል፤ ኔጋቲቩ ይከተላል።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቁልፉ በርቶ የሞተር ምልክት መብራት አለበት። ካልበራ ኮምፒውተሩ ኃይል ወይም ማሳ አላገኘም፤ ሞተሪኖ ማዞር ፋይዳ የለውም። ቀጥሎ ሞተሪኖው እየዞረ ቴስተሩ አንድ እግሩ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላው ሞተሩ ብረት ላይ ሆኖ ይለካ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ወፍራሙ የማሳ ገመድ አልጠበቀም። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲያስተላልፍ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መገኘት አለበት። ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ እያለ፣ መብራት ይዞ ሽቦው ወደ ጭስ መውጫውና ወደ ቺንጋው ተጠግቶ እንደሆነ መፈተሽና የላላ ማያያዣ ካለ እዚያው ማጥበቅ ይገባል።